ስለ ድረ ገጽ መዝገብና ስለ ጸሐፊው ቋንቋ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ቤት የሚያሠራ ሰው አስቀድሞ ስለ መሠረቱ ይጠይቃል እንጂ ስለ መጋረጃው ቀለም አይጠይቅም። ድረ ገጽ የሚያሠራ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። ማኅበሮች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ዕድሮችና ነጋዴዎች ባለሞያ ጠርተው በሚያነጋግሩበት ጊዜ ስለ ሥዕሉ፣ ስለ ቀለሙና ስለ ፊደሉ ውበት ረጅም ሰዓት ይከራከራሉ። የሰው ስምና የገንዘብ ሒሳብ በምን ዓይነት መዝገብ እንደሚቀመጥ፣ መዝገቡንም የሚያገላብጠው ፕሮግራም በምን ቋንቋ እንደሚጻፍ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ባለሞያውም ስላልተጠየቀ የለመደውን ሠርቶ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ይሄዳል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ የችኮላው ውጤት የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው።

ይህ ነገር በእኔም ላይ የደረሰ ስለሆነ በጥቂቱ ልንገራችሁ። አባል የሆንኩበት አንድ የሰፈር ዕድር ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባላቱን ስምና መዋጮ በድረ ገጽ እንዲይዝ ተወሰነ። ሥራው ተሠራ፤ ለመጀመሪያው ዓመትም ሁሉም ነገር መልካም ነበር። ከዚያ በኋላ ወጪ ለመቀነስ ሲባል ድረ ገጹ ከአንድ ኪራይ ሰርቨር ወደ ሌላ ተዛወረ። የተዛወረውን መዝገብ ግን አንድ ሰው እንኳ ገልጦ አልተመለከተም፤ እኔም ካልተመለከቱት አንዱ ነኝ። ከወራት በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ባለቤታቸው ዐርፈውባቸው ድንኳንና ገንዘብ ሊጠይቁ ሲመጡ፣ ተረኛው ጸሐፊ በስልኩ መዝገቡን ከፍቶ ስማቸውን ቢፈልግ አጣው። በስማቸው ቦታ የነበረው የጥያቄ ምልክት ብቻ ነው። የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የአባላቱ ሁሉ ስም ወደ ጥያቄ ምልክት ተለውጦ ነበር። እኒያ እናት የደረሰኞቻቸውን ቁራጭ ከመቀነታቸው ፈትተው እያሳዩ «ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ከፍያለሁ» ሲሉ፣ በቦታው የነበርን ሰዎች የምንገባበት ጠፋን።

ይህ ጉዳት የደረሰው ሌባ ገብቶ ወይም እሳት ተነሥቶ አይደለም። አዲሱ የመረጃ ቋት የምዕራብ አውሮፓን ፊደል ብቻ እንዲቀበል ሆኖ የተዘጋጀ በመሆኑ፣ የግዕዝ ፊደል ሲመጣበት አላውቀውም ብሎ በእያንዳንዱ ፊደል ምትክ አንድ የጥያቄ ምልክት ጻፈ። አስቀድሞ አንድ መስመር ትእዛዝ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የመረጃ ቋትንና የስክሪፕት ቋንቋን እንዴት መምረጥ እንደሚገባ፣ ባለሞያ ላልሆነውም ሰው በሚገባው መንገድ ለማስረዳት አስቤአለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሁለቱን ሥራ እንለይ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ ጉዳያችሁን ስትጠይቁ፣ በመስኮቱ የሚያነጋግራችሁ ጸሐፊ ነው፤ ፋይሉ ያለው ግን በመዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ጸሐፊው ጥያቄያችሁን ሰምቶ ወደ መዝገብ ቤት ይልካል፤ የመጣለትን ፋይል አይቶ መልሱን በወግ ጽፎ ይሰጣችኋል። በድረ ገጽም እንዲሁ ነው። መዝገብ ቤቱ የመረጃ ቋት ወይም ዳታቤዝ የሚባለው ሲሆን፣ ጸሐፊው ደግሞ በስክሪፕት ቋንቋ የተጻፈው ፕሮግራም ነው። እናንተ በስልካችሁ አንድ ገጽ በከፈታችሁ ጊዜ፣ ርቆ በሚገኘው ሰርቨር ላይ ያለው ስክሪፕት ከመረጃ ቋቱ የሚያስፈልገውን ጠይቆ፣ ገጹን በዚያችው ቅጽበት ጽፎ ይልክላችኋል። መዝገብ ቤቱ ጥሩ ሆኖ ጸሐፊው ሰነፍ ቢሆን ሥራው ይዘገያል፤ ጸሐፊው ጎበዝ ሆኖ መዝገቡ የተበላሸ ቢሆን ግን መልሱ ውሸት ይሆናል። ከሁለቱ ችግሮች የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ጸሐፊ ሊለወጥ ይችላል፤ የጠፋ መዝገብ ግን አይመለስም። ከዚህም የተነሣ ምርጫው ሁልጊዜ ከመረጃ ቋቱ መጀመር አለበት እላለሁ።

ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት የመረጃ ቋት ሐሳብ የመነጨው በ1970 ነው። በዚያ ዓመት ኤድጋር ኮድ የተባለው በእንግሊዝ አገር የተወለደ ሊቅ፣ በአሜሪካ በአይ ቢ ኤም ኩባንያ የምርምር ክፍል ሲሠራ፣ መረጃ ሁሉ በሠንጠረዥ መልክ ተቀምጦ ሠንጠረዦቹ በጋራ ቍጥር እንዲገናኙ የሚያደርግ ጽሑፍ አወጣ። በ1974 ደግሞ በዚያው ኩባንያ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ሠንጠረዦቹን መጠየቂያ የሚሆን ቋንቋ አዘጋጁ፤ ይኸውም ዛሬ ኤስ ኪው ኤል የሚባለው ነው። የዕድሩን ነገር በምሳሌ ብንወስድ፣ አንደኛው ሠንጠረዥ የአባላት ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ አባል ሲሆን፣ ዓምዶቹ ቍጥሩ፣ ስሙ፣ የአባቱ ስምና ስልኩ ናቸው። ሁለተኛው ሠንጠረዥ የመዋጮ ነው፤ በእርሱ ላይ የአባሉ ስም ዳግመኛ አይጻፍም፤ የአባሉ ቍጥር፣ የተከፈለው ገንዘብና ቀኑ ብቻ ይጻፋል። ስም በአንድ ቦታ ብቻ ስለተጻፈ፣ ሲታረም በሁሉም ዘንድ ይታረማል። ከሐሳቡ ጥቅም ትልቁ ይህ ነው፤ አንድን ነገር ሁለት ቦታ የጻፈ ሰው አንድ ቀን ሁለቱ ሳይስማሙ ያገኛቸዋልና።

በዚህ መንገድ ከተሠሩትና ያለ ክፍያ ከሚገኙት የመረጃ ቋቶች ሦስቱን ማወቅ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

የመጀመሪያው ማይኤስኪውኤል ነው። በ1995 በስዊድን አገር ሲወጣ፣ ከሠሪዎቹ አንዱ የነበረው ፊንላንዳዊው ሚካኤል ዊዴኒየስ በልጁ በማይ ስም ሰየመው። የመረጃ ቋቱ ባለቤት የሆነው ኩባንያ በ2008 ለሰን ማይክሮሲስተምስ ተሸጠ፤ ሰንም በ2010 በኦራክል እጅ ገባ። ዊዴኒየስ የመረጃ ቋቱ ነጻነት እንዳይነካ በመስጋት በ2009 ከዚያው ኮድ ሌላ ቅርንጫፍ አውጥቶ፣ በሁለተኛዋ ልጁ በማሪያ ስም ማሪያዲቢ አለው። ሁለቱም ፈጣኖችና በየርካሹ ኪራይ ሰርቨር የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን የቆዩት የማይኤስኪውኤል እትሞች አንድ ክፉ ጠባይ ነበራቸው፤ የማይስማማ ነገር ሲሰጣቸው እንቢ በማለት ፈንታ ቈርጠው ወይም ለውጠው ዝም ብለው ይጽፉ ነበር። በ2015 ከወጣው ከ5.7ኛው እትም ወዲህ ግን ስሕተትን አልቀበልም ማለት መደበኛ ጠባያቸው ሆኗል።

ሁለተኛው ፖስትግሬስኪውኤል ነው። የተጀመረው በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ፣ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ሲሆን፣ የአሁኑን ስሙን ያገኘው በ1996 ነው። ይህ የመረጃ ቋት ጥብቅ መዝገብ ያዥ ነው፤ ቀኑ ልክ ያልሆነ፣ ቍጥሩ ያልተሟላ ወይም በሌላው ሠንጠረዥ ውስጥ የሌለ አባል የተጻፈበት ረድፍ ቢመጣበት፣ ደንቡ አስቀድሞ ከተነገረው፣ አይቀበልም። ገንዘብ፣ የሕክምና መዝገብ ወይም የትምህርት ውጤት ለሚይዝ ሰው እንዲህ ያለው ግትርነት በረከት ነው።

ሦስተኛው ኤስኪውላይት ነው። በ2000 በሪቻርድ ሂፕ የተሠራ ሲሆን፣ የመረጃ ቋቱ በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይገኛል። የራሱ ሰርቨር አያስፈልገውም፤ በእጃችን በያዝነው ስልክ ውስጥ እንኳ ሥራውን ሲሠራ ይውላል። ሠሪዎቹ እንደሚሉት በቀን ከ100,000 ያነሰ ጥያቄ የሚመጣበት ድረ ገጽ በእርሱ ደኅና ሆኖ ይሠራል። ጉድለቱ በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት አንድ ጸሐፊ ብቻ መሆኑ ነው፤ አንባቢዎች ግን ብዙ ቢሆኑ አይገደውም። ለሰፈር ዕድር፣ ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወይም ለትንሽ ሱቅ ከሚበቃ በላይ ነው። እኛም ይህን ብናውቅ ኖሮ ለትልቅ ሰርቨር ኪራይ ባልከፈልን ነበር።

ከእነዚህ ሌላ ሠንጠረዥ የሌላቸው የመረጃ ቋቶች አሉ፤ ከእነርሱም የታወቀው በ2009 የወጣው ሞንጎዲቢ ነው። እርሱ እያንዳንዱን ነገር እንደ አንድ ሙሉ ሰነድ ያስቀምጣል፤ ሰነዶቹም አንድ ዓይነት መልክ እንዲኖራቸው ግዴታ የለባቸውም። የዕቃው ዓይነት እጅግ የተለያየ ለሆነበት መደብር ይህ ጠባይ ይመቻል። ነገር ግን ደንብ አለመኖሩ ነጻነት የሚመስለው በመጀመሪያው ወር ነው፤ በሦስተኛው ዓመት አንዱ ሰነድ «ስልክ»፣ ሌላው «ስልክ ቍጥር»፣ ሌላው «ተንቀሳቃሽ» የሚል ሆኖ ሲገኝ፣ ያኔ ደንብ የሚያወጣ ሰው ይፈለጋል።

የገንዘብን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አይገባኝም። አንድ አባል ከቍጠባው 500 ብር ወደ ዕድሩ ሣጥን እንዲዛወር ቢያዝዝ፣ ሥራው ሁለት ነው፤ ከእርሱ መቀነስና በሣጥኑ ላይ መጨመር። ከእርሱ ተቀንሶ ገና በሣጥኑ ላይ ሳይጨመር መብራት ቢጠፋ፣ 500 ብሩ የት ይሆናል? ለዚህ የተዘጋጀው መድኀኒት ትራንዛክሽን ይባላል። ይኸውም ሁለቱ ሥራዎች እንደ አንድ ተቆጥረው፣ ወይ ሁለቱም እንዲፈጸሙ ወይ ሁለቱም እንዳልተደረጉ እንዲሆኑ ማድረግ ነው። ፖስትግሬስኪውኤልና ኤስኪውላይት ይህን ያደርጋሉ። ማይኤስኪውኤል ግን የሚያደርገው ሠንጠረዡ ኢኖዲቢ በሚባለው ዓይነት የተሠራ እንደሆነ ነው፤ ይህም ዓይነት መደበኛ የሆነው በ2010 በወጣው በ5.5ኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት የተሠራ አሮጌ መዝገብ ያላችሁ ሰዎች ባለሞያችሁን ጠይቁ።

አሁን ወደ ጸሐፊው ቋንቋ እንለፍ። የድረ ገጽ መረብ በጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው በሰርን የምርምር ተቋም በቲም በርነርስ ሊ ሐሳብ በ1989 ሲጀመር፣ ገጾቹ አስቀድመው ተጽፈው የተቀመጡና የማይለወጡ ነበሩ። ሰርቨሩ ገጹን በጥያቄው መሠረት እንዲጽፍ ሲፈለግ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በብዛት ያገለገለው ላሪ ዎል በ1987 ያወጣው ፐርል የተባለው ቋንቋ ነው። ፐርል ጽሑፍን ለመበለትና ለማቀናጀት ኃይለኛ ነው፤ ሆኖም አንድን ነገር በብዙ መንገድ መጻፍ ስለሚፈቅድ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ለማንበብ ይቸገራል። ዛሬ አዲስ ድረ ገጽ በእርሱ የሚጀምር ጥቂት ነው።

በ1994 ራስሙስ ለርዶርፍ የሥራ ታሪኩን ያስቀመጠበትን የግል ገጹን ስንት ሰው እንደጎበኘው ለማወቅ ጥቂት መሣሪያዎች ሠራ፤ በ1995ም ለሕዝብ አወጣቸው። ከዚያ ያደገው ፒ ኤች ፒ የተባለው ቋንቋ ነው። ለጀማሪ ቀላል ነው፤ በርካሽ ኪራይ ሰርቨር ሁሉ ይገኛል፤ በ2003 የተጀመረውና ከዓለም ድረ ገጾች ከ10ሩ 4 ያህሉ የሚሠሩበት ዎርድፕሬስም የተጻፈው በእርሱ ነው። በችኮላ ያደገ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ቢነቀፍም፣ በ2015 የወጣው 7ኛው እትምና በ2020 የወጣው 8ኛው እትም ፍጥነቱንና ሥርዓቱን እጅግ አሻሽለውታል።

ፓይተን በኔዘርላንዳዊው በጊዶ ቫን ሮሰም ተሠርቶ በ1991 የወጣ ነው። አጻጻፉ የጠራ በመሆኑ በትምህርት ቤቶች ዘንድ የተወደደ ነው። ለድረ ገጽ የሚያገለግለው ጃንጎ የተባለው የሥራ ማዕቀፍ የተወለደው በአሜሪካ በካንሳስ ግዛት በሎረንስ ከተማ፣ በአንድ ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ለሕዝብ የቀረበው በ2005 ነው። ጋዜጣ ነገን አይጠብቅምና ሥራን በቶሎ እንዲያደርስ ሆኖ ተሠራ። ሩቢ ደግሞ በጃፓናዊው በዩኪሂሮ ማትሱሞቶ በ1995 የወጣ ሲሆን፣ በ2004 በእርሱ ላይ የተሠራው ሬይልስ የብዙ ሰዎችን የአሠራር ልማድ ለውጧል። ጃቫስክሪፕት በ1995 በብሬንደን አይክ በ10 ቀን ውስጥ የተነደፈው በአንባቢው ማሽን ላይ፣ በብራውዘሩ ውስጥ እንዲሠራ ነበር። በ2009 ራያን ዳል ኖድ የተባለውን ካወጣ ወዲህ ግን በሰርቨርም ላይ ያገለግላል። ከዚህም የተነሣ አንድ ባለሞያ ፊትና ጀርባውን በአንድ ቋንቋ መሥራት ይችላል።

ታዲያ ከእነዚህ ማን ይበልጣል? አንባቢዎች ሆይ፣ ይህ ጥያቄ ወጣቶችን ሌሊቱን ሙሉ ያከራክራቸዋል፤ ነገር ግን ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም። ለአንድ ማኅበር መልካሙ ቋንቋ፣ ሠሪው ነገ ወደ ሌላ አገር ቢሄድ ሌላ ሰው በከተማው ውስጥ አንብቦ ሊያርመው የሚችለው ቋንቋ ነው። የቋንቋው እትም በሕይወት ያለ መሆኑንም መጠየቅ ይገባል። ፓይተን 2 ጥር 1 ቀን 2020 ጥበቃው ተቋርጧል፤ የፒ ኤች ፒ 5ኛው እትም የደኅንነት እርማት በ2018 መጨረሻ ላይ አብቅቷል። በእነዚህ የተሠራ ድረ ገጽ ዛሬም ቢሠራ፣ ዘበኛው እንደሄደበት ቤት ነው።

ስለ ምርጫና ስለ ለውጥ ጥሩ ትምህርት የሚሰጠን የዊኪፔዲያ ታሪክ ነው። ይህ መዝገበ ዕውቀት ጥር 15 ቀን 2001 ሲጀመር የሠራው በፐርል በተጻፈ አነስተኛ ፕሮግራም ሲሆን፣ ጽሑፎቹ የተቀመጡት በመረጃ ቋት ሳይሆን በተራ ፋይሎች ነበር። ለጅምሩ ይህ በቂ ነበር። ጸሐፊዎች ሲበዙ ግን ፋይሉ አልቻለም። ማግኑስ ማንስኬ የተባለ ጀርመናዊ በፒ ኤች ፒ አዲስ ፕሮግራም ጽፎ ከማይኤስኪውኤል ጋር አገናኘው፤ በጥር 2002ም ሥራ ላይ ዋለ። እርሱም ከወራት በኋላ በሸክሙ ብዛት ስለ ተጨነቀ፣ ሊ ዳንኤል ክሮከር በዚያው ዓመት በሐምሌ እንደገና ጻፈው። ኋላ ሚዲያዊኪ የተባለው ይህ ነው። በ2013 ደግሞ የመረጃ ቋቱ ወደ ማሪያዲቢ ተዛወረ። የአማርኛው ዊኪፔዲያም የሚሠራው በዚሁ ፕሮግራም ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ቋንቋው ተለወጠ፤ መዝገቡ ተለወጠ፤ ጽሑፉ ግን አልጠፋም። ያልጠፋበትም ምክንያት ከአንዱ ወደ ሌላው ሊዛወር በሚችል ግልጽ መልክ የተቀመጠ በመሆኑ ነው። በትንሹ መጀመር ነውር አይደለም፤ ነውሩ መውጫ በሩን ሳያበጁ መግባት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የእኛን ፊደል የሚመለከተውን ነገር እናገራለሁ፤ ይህን የውጭ አገር መምህር አያስተምረንምና። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 በወጣው በ3.0ኛው እትም ነው። ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ በፒ ኤች ፒ ተራውን የርዝመት መለኪያ ተጠቅማችሁ «ሰላም» የሚለውን ቃል ብትለኩ 9 ይላችኋል፤ ለብዙ ባይት ፊደላት የተዘጋጀው ሌላው መለኪያ ግን 3 ይላል። ፓይተን 3ም 3 ይላል። ይህን ሳያውቅ ረጅም ስም በባይት ቈጥሮ የሚያሳጥር ፕሮግራም ፊደሉን ከመካከሉ ይቈርጠዋል።

በማይኤስኪውኤል ዘንድ የቆየው መደበኛ ምርጫ የምዕራብ አውሮፓ ፊደል ነበር፤ ሙሉው ዩኒኮድ መደበኛ የሆነው በ2018 በወጣው በ8.0ኛው እትም ነው። «ዩ ቲ ኤፍ 8» ተብሎ የተሰየመው የቀድሞው ምርጫም እስከ 3 ባይት ብቻ የሚቀበል ነው። ለአማርኛ ይህ ይበቃል፤ ነገር ግን በ2021 ለጉራጌኛ አጻጻፍ ወደ ዩኒኮድ የገቡት ተጨማሪ ፊደላት 4 ባይት የሚፈልጉ ናቸው። ስለዚህ ሠሪያችሁ «ዩ ቲ ኤፍ 8 ኤም ቢ 4» የሚባለውን እንዲመርጥ እዘዙት። የአንዱን ወገናችንን ፊደል ተቀብሎ የሌላውን የሚመልስ መዝገብ ልንሠራ አይገባንም።

ሁለተኛው የፊደላችን ጉዳይ ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደላት ናቸው። አንዱ ጸሐፊ «ኃይለ ሥላሴ»፣ ሌላው «ሀይለ ስላሴ» ብሎ ቢጽፍ፣ ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለመረጃ ቋቱ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ሰዎች ናቸው። መፍትሔው ባለቤቱ የጻፈውን ስም ሳይነኩ በአንድ ዓምድ ማስቀመጥ፣ በሌላ ዓምድ ደግሞ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የመለሰ የመፈለጊያ ቅጂ መያዝ ነው። ፍለጋው በሁለተኛው ይሁን፤ የሚታየው ግን የመጀመሪያው ይሁን። የሰው ስም ክብሩ ነውና እኛ አናርመውም።

ሦስተኛው ጉዳይ የዘመን አቆጣጠራችን ነው። የመረጃ ቋቶች የቀን ዓምድ የአውሮፓን አቆጣጠር ብቻ ያውቃል። ጥቅምት 30 ቀንን ሁለተኛ ወር፣ 30ኛ ቀን ብሎ ቢጽፉበት፣ የካቲት በእነርሱ ዘንድ 30 ቀን ስለሌለው ይመልሰዋል፤ የቆየው ማይኤስኪውኤል ደግሞ ሳይናገር ሁሉንም ዜሮ አድርጎ ይጽፈዋል። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር በመሆኑ ከቶ ቦታ የለውም። ስለዚህ በመዝገቡ ውስጥ ቀኑ በአውሮፓ ይቀመጥ፤ ለአንባቢው ሲታይ ግን ስክሪፕቱ ወደ ኢትዮጵያ ይመልሰው። የጃቫስክሪፕት መደበኛ የቀን ማሳያ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለሚያውቅ፣ ይህ ሥራ የሚያስፈራ አይደለም።

ስለ ጥበቃም ጥቂት ቃል ልጨምር። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» ይባላል። በድረ ገጽ ላይ ሰው ስሙን እንዲጽፍበት በተሰጠው ቦታ ላይ ክፉ ሰው በስሙ ፈንታ የኤስ ኪው ኤል ትእዛዝ ሊጽፍበት ይችላል። ስክሪፕቱ የተጻፈለትን ቃል ከራሱ ጥያቄ ጋር አጣብቆ ወደ መረጃ ቋቱ የላከ እንደሆነ፣ ቋቱ የሌባውን ትእዛዝ እንደ ጌታው ትእዛዝ ቈጥሮ ይፈጽማል። መከላከያውም ጥያቄውንና ሰው የጻፈውን ቃል ለየብቻ መላክ ነው፤ የጠቀስኳቸው ቋንቋዎች ሁሉ ለዚህ የተዘጋጀ መንገድ አላቸው። የይለፍ ቃልም እንዳለ አይቀመጥ፤ ተመልሶ ሊነበብ በማይችል ምስጢራዊ መልክ ተለውጦ ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን የመዝገቡ ቅጂ በየጊዜው ተወስዶ በሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ ቅጂውም በእርግጥ የሚከፈት መሆኑ ይፈተን። ያልተፈተነ ቅጂ እንደሌለ ይቈጠራል።

እንግዲህ ድረ ገጽ ለማሠራት የምታስቡ ሁሉ፣ ከመፈራረማችሁ በፊት ለባለሞያው እነዚህን ጥያቄዎች አቅርቡለት። መዝገባችን የግዕዝን ፊደል ሁሉ ይቀበላል ወይ? ገንዘብ ሲንቀሳቀስ በትራንዛክሽን ነው ወይ? አንተ ባትኖር ይህን ቋንቋ የሚያነብ ማን አለ? እትሙ ጥበቃ አለው ወይ? መዝገቡን በማናቸውም ቀን በግልጽ መልክ አውጥተን ወደ ሌላ ልንወስደው እንችላለን ወይ? ቅጂውስ የት ነው? ለእነዚህ በቀናነት መልስ የሚሰጥ ባለሞያ ፒ ኤች ፒን ቢመርጥም ፓይተንን ቢመርጥም፣ ማሪያዲቢን ቢወስድም ፖስትግሬስኪውኤልን ቢወስድም አያሳፍራችሁም። መልስ የሌለው ግን ከሁሉ የተመሰገነውን መሣሪያ ቢይዝም ቤታችሁን በአሸዋ ላይ ይሠራዋል።

የዕድራችንን ነገር ሳልጨርስ ባልፍ ታዝኑብኛላችሁ። የቀድሞው ሰርቨር ውል ተቋርጦ ስለነበር፣ በዚያ የነበረው መዝገብ ሊገኝ አልቻለም። ያዳነን የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ነበሩ። እርሳቸው ድረ ገጹ ከተሠራ በኋላም አሮጌውን የወረቀት መዝገብ በሣጥናቸው ቈልፈው ማስቀመጥን አልተዉም፤ አንዳንዶቻችንም በዚህ እንስቅባቸው ነበር። በዚያው ምሽት መዝገቡ ወጣ፤ የእኒያ እናት ስም በጥቁር ቀለም፣ ከ22 ዓመት መዋጮ ጋር ተገኘ፤ ድንኳኑም ተተከለላቸው። ከዚያም አራት ሰዎች ተከፋፍለን የአባላቱን ስም ሁሉ እንደገና ጻፍነው፤ የዚህን ጊዜ ግን ከመጀመራችን በፊት በመረጃ ቋቱ ላይ አንድ ስም ጽፈን፣ ዘግተን፣ መልሰን ከፍተን አነበብነው። ስሙ እንደ ተጻፈ ሆኖ በተመለሰልን ጊዜ ሥራውን ቀጠልን። እናንተም በዚሁ ጀምሩ።